እበት፣ ውኃና ተራ፦ ከአሬሮ ሲታይ የባዮጋዝ ታሪክ

ከያቤሎ በስተምሥራቅ፣ በቦረና ቆላ መካከል ከፍ ባለው መሬት ላይ የአሬሮ የጽድ ደን ይገኛል። ጽድ በአገራችን ወደ ደቡብ ከዘለቀባቸው የመጨረሻ ቦታዎች አንዱ ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማትገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ የተባለችው ወፍ ከምትኖርባቸው ጥቂት ደኖችም አንዱ ይኸው ነው። በደኑ ዙሪያ በአንድ በኩል በዝርያው ስመ ጥር የሆነው የቦረና ከብት በየበረቱ እበቱን ከምሮ ይተዋል፤ በሌላ በኩል በእንጨት የሚያበስል ቤተሰብና በከሰል የሚነድ የከተማ ምድጃ አለ። ይህን ያየ እንግዳ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ይህን ያህል እበት ያለው አገር ስለ ምን እንጨት ይቆርጣል? እበትን ወደሚነድ ጋዝ የሚለውጡ ረቂቅ ተሕዋስያን እንዳሉ ከታወቀ ቆይቷልና ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በችኮላ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የባዮጋዝ ታሪክ በጥሞና ሲታይ፣ የሥራውን ዕድል የወሰኑት ውኃና የዕለት ጥበቃ ናቸው፤ የእበት ብዛት ከሁለቱ ኋላ ይመጣል። ቦረና ለየቤቱ የሚተርፍ ውኃ የለውም፤ የጋራ ሀብትን በተራ የመጠበቅ ሥርዓት ግን ከብዙዎች የተሻለ አለው። ስለዚህ ባዮጋዝ በዚህ ምድር ሥር የሚሰድደው እበትና ውኃ ቀድሞውኑ በሚገናኙባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በከተማው ቄራ፣ በከብት ገበያውና ተማሪ በሚያድርበት ትምህርት ቤት፣ ኤላ የሚባለውን የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ሥርዓት በሚመስል አስተዳደር ሥር ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ሥራውን የሚሠሩት ተሕዋስያን ለቦረና ከብት ባዳ አይደሉም። ላም የበላችውን ሣር ሆዷ ውስጥ የሚያብላሉላት ተሕዋስያን ሲሠሩ፣ ሚቴን የተባለውን ጋዝ የሚያመነጩ ሌሎች ረቂቅ ፍጥረታት አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ላሟ ስታገሳ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ተሕዋስያኑ ከእበቱ ጋር ወጥተው፣ እበቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲከተት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዱ ወገን ጠጣሩን ይሰባብራል፤ ሌላው የተሰባበረውን ወደ አሲድ ይለውጣል፤ ሚቴን አመንጪዎቹ በመጨረሻ ጋዙን ያወጣሉ። ከጋዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚቴን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ፣ 20 ኪሎ እበት አንድ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ያህል ያነዳል። የሚተርፈው ዝቃጭም የማዳበሪያነት ኃይሉ አይጠፋም። ይህን ጋዝ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ከማጆሬ ሐይቅ ረግረግ ሰብስቦ እንደሚነድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1895 የእንግሊዝ ከተማ ኤክሰተር ከፍሳሽ ማጠራቀሚያው የወጣውን ጋዝ ለመንገድ መብራት ተጠቀመችበት። ከሁለት ዓመት በኋላ በቦምቤይ ማቱንጋ የሚገኝ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። እነዚህ ቀደምት ሙከራዎች ሁለቱም የተደረጉት ብዙ ሰው በአንድ ላይ በሚኖርባቸው፣ ፍሳሽ ያለማንም ልዩ ድካም በሚጠራቀምባቸው ቦታዎች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ተሕዋስያንን ማሠራት ራሱ ለቦረና አዲስ ሙያ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባውም። የደጋ ሴት በጌሾና በብቅል ጠላ እንደምትጠምቅ፣ የቦረና ሴት ደግሞ ወተትን ኢቲቱ ታደርጋለች። ወተቱ ጎርፋ በሚባለው፣ ከእፅዋት ቃጫ ተሠፍቶ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀማል፤ በራሱ ይረጋል፤ አጓቱ እየተቀነሰ ትኩስ ወተት እየተጨመረበት ይወፍራል። በዚህ ሥራ የሚካፈሉት የላቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወተቱን ስለሚያኮመጥጡት፣ ሌሎች አበላሺ ተሕዋስያን ቦታ አያገኙም። የዕቃው መታጠንም ንጽሕናውን ይረዳል፤ ጣዕምም ይሰጠዋል። ውጤቱ ለሳምንታት ሳይበላሽ የሚቀመጥ ምግብ ነው። ዝናብ ዘንቦ ወተት በሞላበት ጊዜ የተገኘው ጉልበት ወተት ወደሚነጥፍበት ጊዜ እንዲሻገር ያደረገው ይህ ሙያ ነው። እንዲህ ያለውን ሙያ የያዘ ሕዝብ ስለ መብላላት ከባዶ መማር አያስፈልገውም። የትኛው ዕቃ እንደሚመረጥ፣ መቼ እንደሚጨመር፣ ምን ሲሸት እንደተበላሸ ያውቃል። በዚያ ላይ እውቀቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ዕቃውን የምታጥበው፣ የምታጥነውና የምትጠብቀው ሴቷ ናት። ተሕዋስያን በደንብ የሚሠሩት የዕለት ኃላፊ ሲኖራቸው እንደሆነ ኢቲቱ በሚገባ ያስረዳል። ቀጥሎ የማነሣው የአገራችን የባዮጋዝ ታሪክ ይህንኑ ከኪሳራው ወገን ያስተምራል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ ዓላማውም ለእርሻ መሣሪያዎች ብየዳ የሚሆን ኃይል ማግኘት ነበር። ጅምሩ ከቤት ምድጃ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ ከብት፣ ውኃ፣ ሠራተኛና ባለሙያ በአንድ ግቢ ባሉበት ተቋም ውስጥ የተሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በቤተሰብ፣ በማኅበረሰብና በመንግሥት ተቋማት 1,000 ያህል ማብላያዎች ተገነቡ። መጠናቸው ከሁለት ተኩል እስከ 200 ሜትር ኩብ ይደርስ ነበር። ብሔራዊ ፕሮግራም ለመጀመር በዝግጅት ላይ የነበሩ ባለሙያዎች ሁኔታውን ሲመረምሩ ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው አገኟቸው። ምክንያት ሆነው የተመዘገቡት የክትትልና የአስተዳደር ጉድለት፣ የቴክኒክ ብልሽት፣ የባለቤቶች ፍላጎት መቀዝቀዝ፣ የከብት ቁጥር መቀነስ፣ የባለቤትነት መለወጥና የውኃ እጥረት ናቸው። ይህን ዝርዝር አንድ በአንድ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን አልጣሉም። አንዱ ማብላያ የቆመው የሚበጠብጥበት ውኃ ስለጠፋ ነው፤ ሌላው የሚመግበው ሰው ስለሄደ ነው፤ ሦስተኛው የተሰነጠቀውን ቧንቧ ማን እንደሚጠግን ስላልተወሰነ ነው። ከዘርፉ የመጀመሪያ ሃምሳ ዓመት የተረፈው ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር።

ትምህርቱ በከፊል ተሰምቷል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው የአዋጭነት ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኔዘርላንድሱ የልማት ድርጅት ኤስ ኤን ቪ ድጋፍ በ2001 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሥራ ጀመረ። አርአያው ኔፓል ነበረች፤ እዚያ ይኸው ድርጅት የተሳተፈበት ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በሰፊው ተስፋፍቶ ነበር። የኔፓሉ ከመሬት በታች የሚሠራ፣ ጉልላቱ የማይንቀሳቀስ ንድፍ ለአገራችን ተስተካክሎ ስንዱ የሚል ስም ወጣለት። ቤተሰቡ ቢያንስ አራት ከብት እንዲኖረው፣ በቀን 20 ኪሎ ያህል እበት እንዲያገኝና ውኃ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በማይበልጥ የእግር መንገድ እንዲቀርበው መመዘኛ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ሊሠራ ታቅዶ፣ እስከ 2006 ዓ.ም. የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የዘለሉ ናቸው። ይህ ቁጥር ከቀደሙት ሃምሳ ዓመታት ውጤት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዕቅዱ ያልሞላበት ምክንያትም ሊታይ ይገባዋል። የሲሚንቶና የብድር ችግር ነበር። የእንጀራም ችግር ነበር፤ ከደጋው ቤተሰብ ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ሲሆን፣ መጀመሪያ የቀረበው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ሊሠራና ቡና ሊያፈላ ይችላል እንጂ ምጣድ አያግልም። ለምጣድ የሚሆን ምድጃ የተበጀው ዘግይቶ ነው። ሴቷ ጋዝ ከገባላት በኋላም ለእንጀራው እንጨት መልቀሟን ቀጠለች።

አሁን ይህን መመዘኛ ወደ አሬሮ ይዘን እንውረድ። ከብት በቁጥር አለ፤ ግን በየቀኑ በአንድ ቦታ የለም። ቦረና ከብቱን በሁለት ይከፍላል፤ የምትታለበዋ ላምና ጥጃዋ ዋራ ተብለው ሰፈር አጠገብ ይቆያሉ፤ ደረቅ ላምና በሬው ፎራ ተብሎ ሣር ወዳለበት ራቅ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አብዛኛው እበት የሚወድቀው ምድጃ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። የዝናቡ ጊዜም ሁለት ነው፤ ዋናው ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ አነስተኛው ሀገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይደርሳል። በመካከላቸው ባሉት ደረቅ ወራት ከብቱ ራሱ ውኃ የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው። 20 ኪሎ እበት ለመበጥበጥ ያንኑ ያህል ውኃ፣ ማለትም በቀን አንድ ጀሪካን ያስፈልጋል። ላሟ ሦስተኛ ቀኗን በምትጠብቅበት አገር፣ ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ በሰው ጉልበት በሚወጣበት ጊዜ፣ ያንን ጀሪካን ጉድጓድ ውስጥ አፍስሺ ተብላ የምትለመን እናት እምቢ ብትል ትክክል ናት። በመጨረሻም ድርቅ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ ወቅቶች ዝናብ ሲቀር የቦረና ከብት በብዛት አለቀ። ከብት የሞተበት ቤተሰብ ማብላያ ቢኖረው ኖሮ ጉድጓዱ ያለ ምግብ ይቀር ነበር። ስለዚህ የቤተሰብ ባዮጋዝ በዚህ ምድር አለመስፋፋቱ ከቸልተኝነትም ከኋላ ቀርነትም ሊቆጠር አይገባም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ባወጣው መመዘኛ ተመዝኖ የተገኘ ውጤት ነው።

በዚህ አካባቢ ውኃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የአገሪቱ ታሪክ ራሱ መዝግቦታል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የጦር ክፍል አመፀ። ወታደሮቹ የሚጠቀሙበት የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም፤ ምግባቸውም የከፋ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያዩ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዘውዱ ወደቀ። የዘውዱ መውደቅ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሆኖም የሠራዊቱ እንቅስቃሴ የጀመረው በነገሌ መሆኑና መነሻው የአንድ ፓምፕ ብልሽት መሆኑ እውነት ነው። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ለባዮጋዝም ይሠራል። ችግሩን የፈጠረው የማሽኑ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን፣ እስኪጠገን ድረስ ማን ከማን እንደሚቀዳ አለመወሰኑ ነው። አጠገብ ውኃ ያለው ሌላ ጉድጓድ ነበር፤ የጠፋው ለሁሉም የሚሠራ ተራ ነው። በ40 በመቶዎቹ ማብላያዎች ላይ የተመዘገበው የአስተዳደር ጉድለት ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በቦረና ግን ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከብዙ ትውልድ በፊት ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች፣ ከእነርሱም መካከል በዱብሉቅ ያሉት፣ ሰዎች በደረጃ ቆመው ውኃውን እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተጋገዙ የሚያወጡባቸው ናቸው። እያንዳንዱ ኤላ አባ ኮንፊ የሚባል ባለ መብት አለው፤ መብቱ ጉድጓዱን ከቆፈረው ወይም መልሶ ካስቆፈረው ሰውና ከጎሳው ጋር የተያያዘ ነው። የዕለት ሥራውን የሚመራው ግን አባ ሄሬጋ ነው። የማን ከብት ዛሬ እንደሚጠጣ፣ ማን ማንን እንደሚቀድም፣ ስንት ሰው ለመቅዳት እንደሚወርድ፣ ገንዳው መቼ እንደሚለሰንና አጥሩ መቼ እንደሚታጠር የሚወስነው እሱ ነው። ክርክር ሲነሣ ወይም ትልቅ ጥገና ሲያስፈልግ ኮራ ኤላ የተባለው የኤላው ጉባኤ ይቀመጣል። ጉልበት የሚዋጣው በከብት ልክ ነው፤ ተራውን የጣሰም ይቀጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ባለቤትነትና የዕለት አስተዳደር ተለያይተዋል። የኤላው መብት የአንድ ሰው ቢሆንም የዕለቱ ሥራ ያለ ተጠያቂ አይውልም። የባዮጋዝ ማብላያም የሚፈልገው በትክክል ይህንኑ ነው፤ በየቀኑ በልክ መመገብ፣ በየጊዜው መፈተሽ፣ ሲሰነጠቅ ወዲያው መጠገን። ለአንድ ሳምንት የተረሳ ማብላያ ጋዙ ይቀንሳል፤ ለአንድ ወር የተረሳ ደግሞ እንደገና ለመነሣት ሳምንታት ይፈጅበታል።

ይህ ሥርዓት ሲታለፍ የሚሆነውም በዚሁ ምድር ታይቷል። በ1960ዎቹ በሣር ሜዳው ላይ እሳት መልቀቅ ተከለከለ። የቦረና ሰዎች በየተወሰነ ዓመት ሜዳውን የሚያቃጥሉት ቁጥቋጦን ለመግታትና መዥገርን ለመቀነስ ነበር፤ ክልከላው ከጸና በኋላ ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረረው። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ የተቋቋመው የደቡብ የግጦሽ መሬት ልማት ድርጅት ኩሬዎችን በየቦታው አስቆፈረ። ኩሬ መቆፈሩ በራሱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ የሚጋጠውን ሜዳ ከብት እንዲሰፍርበት በማድረጉ ግጦሹን አሟጠጠው የሚል ትችት ከተመራማሪዎች ቀርቦበታል። ሁለቱም እርምጃዎች የመጡት በበጎ አሳብ ነው፤ ሁለቱም የሳቱት መቼና በማን ተራ የሚለውን የነባሩን ሥርዓት ጥያቄ ባለመጠየቃቸው ነው። ባዮጋዝ ሦስተኛው ምሳሌ እንዳይሆን ከተፈለገ የመጀመሪያው ጥያቄ የጉድጓዱ ስፋት መሆን የለበትም። እበትና ውኃ ዛሬ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የት ይገናኛሉ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

መልሱ ያለው በከተሞቹ ነው። በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ ከብት ይታረዳል፤ ፈርሱና ደሙ በውኃ ታጥቦ ይወጣል። ይህ ፍሳሽ በሜዳ ሲፈስ ወንዝና ጉድጓድ ይበክላል፤ በማብላያ ሲያልፍ ግን ጋዝ ይሆናል። ለመበጥበጫ ተብሎ አዲስ ውኃ አይቀዳም፤ ለማጠቢያ የዋለው ያው ውኃ ሁለተኛ ሥራ ይሠራል። በዱብሉቅ ዓይነት ትልልቅ የከብት ገበያዎች እበቱ በገበያ ቀን በአንድ ግቢ ይከማቻል። ተማሪ በሚያድርባቸው ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ደግሞ መጸዳጃውም ማብሰያውም ጎን ለጎን ናቸው። ይህ መንገድ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተሞክሯል። የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሩዋንዳ እስር ቤቶች ከመጸዳጃ የሚወጣውን ፍሳሽ ወደ ማብሰያ ጋዝ የሚለውጡ ትልልቅ ማብላያዎች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል። ከናይሮቢ አጠገብ በኪሴሪያን ያለው የማሳይ አርብቶ አደሮች ቄራ ከእርድ ተረፈ ምርት ባዮጋዝ ያመርታል። ማሳዮችም እንደ ቦረና ከብታቸውን ተከትለው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ባዮጋዝን ያገኙት ግን የተጓዘው ከብት በመጨረሻ በሚደርስበት በቄራው በር ላይ ነው። የቆላው አየርም ለዚህ ያግዛል። ሚቴን አመንጪዎቹ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በደንብ ይሠራሉ፤ በደጋው ብርድ ግን ይቀዘቅዛሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር ባለው የቦረና ሜዳ ማብላያው ከደጋው ይልቅ ሙቀት ያገኛል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው ውኃን ይመለከታል፤ ውኃ የሚቆጥቡ ማብላያዎች አሉ፣ የከብት ሽንትም ውኃን ሊተካ ይችላል፣ ስለዚህ የአርብቶ አደሩ ጎጆ ለምን ይቀራል ይባላል። እውነት ነው፤ በደረቅ አካባቢ የሚሠሩ ንድፎች አሉ። ነገር ግን ሽንት ለማጠራቀም ከብት በወለል ላይ ታስሮ ማደር አለበት፤ የቦረና በረት መሬቱ አፈር ነው፤ ከብቱም ወቅት ሲለወጥ ይነሣል። ንድፉ ውኃን ቢቆጥብም የመንቀሳቀስን ጥያቄ አይመልስም። ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥቋጦውን ይጠቅሳል፤ ሜዳውን የወረረው ግራር እያለ ማገዶ ጠፋ ሊባል አይችልም፣ ከቻልንም ያንኑ ለተሕዋስያን እንመግብ ይላሉ። እንጨት ግን ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ነገር ስላለው አየር በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን በቀላሉ አያፈርሱትም። ቁጥቋጦውን ማክሰልም ቢሆን፣ አክሳዩ ወራሪውን ግራር ብቻ መርጦ ጽዱን እንዲተው የሚያደርግ ጥበቃ ይጠይቃል፤ እንደገና ወደ አስተዳደር ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው። ሦስተኛው የፀሐይ ኃይል ርካሽ ሆኗል ይላል። ለመብራትና ለስልክ የፀሐይ ኃይል ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ለትምህርት ቤት ድስት ግን የሚፈለገው ሙቀት ብዙ ነው፤ የፀሐይ ሰሌዳም የቄራን ፍሳሽ አያጸዳም። በአንጻሩ በደጋው ባዮጋዝን ያሰናከለው የእንጀራ ጉዳይ፣ ወተትና ሻይ በሚፈላበት፣ በቆሎ በሚቀቀልበት የአርብቶ አደር ማዕድ ላይ ያንን ያህል አይከብድም።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይጠነክራል። የኤላ ሥርዓት በጎሳና በትውልድ የተሳሰረ ነው፤ በከተማ ቄራ የሚሠራው ሰው ከየአካባቢው የመጣ ነው፤ አባ ሄሬጋን ወደ ማዘጋጃ ቤት ማምጣት አይቻልም ይላል። በዚያ ላይ በኤላው የሚወስኑት ወንዶች ናቸው፤ የምድጃው ጣጣ ግን የሴቶች ነው። ሁለቱም ነጥቦች ትክክል ናቸው። እኔ የምለው ማዕረጉ ይዛወር አይደለም፤ ማዕረጉ የሚያሟላው ግዴታ ይዛወር ነው። ግዴታዎቹም ሊዘረዘሩ ይችላሉ፦ ለእያንዳንዱ ቀን በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሰው፣ የተጠቃሚዎች ቋሚ ጉባኤ፣ ተጠቃሚው በሚጠቀመው ልክ የሚያዋጣው መዋጮ፣ ተራውን ለጣሰ የታወቀ ቅጣት። የዱብሉቅ ነዋሪ ይህን ሲሰማ አዲስ ሕግ እንደመጣበት አይቆጥርም፤ የሚያውቀውን በሌላ ዕቃ ላይ ሲያይ ይረዳዋል። ስለ ሴቶች ደግሞ ምሳሌው ከኤላው ይልቅ ከጎርፋው ሊወሰድ ይገባል። መብላላትን የሚያውቀው እጅ፣ ጋዙንም ሆነ ጭሱን የሚቀበለው እጅ የሴት ነው፤ ስለዚህ በትምህርት ቤቱም ሆነ በቄራው የማብላያው የዕለት ኃላፊነትና የገቢው ድርሻ ለሴቶች ሊሰጥ ይገባል። በቤተሰብ ደረጃ በተሠሩት ማብላያዎች ውኃ መቅዳቱና እበት መበጥበጡ በአብዛኛው በእናትና በልጅ ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ግንባታውን የሚወስነውና ብድሩን የሚፈርመው ብዙ ጊዜ አባት ነበር። ሥራውና ውሳኔው ከተለያዩ ማብላያው ዕድሜ አይኖረውም።

ለቆላው የሚሆን ሌላም ከተሕዋስያን የሚገኝ ነዳጅ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ በእርሾ ተሕዋስያን የሚመረተው ኤታኖል ውኃ በሌለበት ቤት ይነዳል። ጋያ የተባለው ማኅበር በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ የኤታኖል ምድጃ ሲያዳርስ፣ እንጨት ለመልቀም ርቀው የሚሄዱ ሴቶች ከሚደርስባቸው አደጋ እፎይ እንዲሉ አድርጓል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2008 የአሽደን ሽልማት ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኤታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መደባለቅ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። በዚህ ምክንያት የቆላዋ ምድጃና የከተማው መኪና አንድ ምንጭ የሚሻሙ ሆኑ። ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣ ነዳጅ፣ የሚለቀውን የሚወስነው ሌላ ሰው ሲሆን፣ በመጀመሪያው እጥረት የሚቀረው ለሩቁ ተጠቃሚ ነው። ኤታኖሉ የውኃውን ችግር ፈታ፤ ተራው ግን ከተጠቃሚው እጅ ወጣ። ቄራው ውስጥ የሚመረት ጋዝ በአንጻሩ ምንጩም ተራውም በከተማው እጅ ይቆያል፤ ለዚህም ነው ክርክሬ ወደ ቄራው የሚያዘነብለው።

ታሪክ ለወደፊቱ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ነገር ግን በአንድ መንገድ ደጋግሞ የወደቀ ነገር በዚያው መንገድ እንዳይሞከር ያስጠነቅቃል። የአሬሮን ደን ከመጥረቢያ ለማዳን፣ የከተማውን ወንዝ ከደምና ከፈርስ ለማጽዳት፣ የሴቷን ጀርባ ከእንጨት ሸክም ለማሳረፍ ባዮጋዝ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ድርሻው ሁሉንም አይሸፍንም፤ ግን እውነተኛ ነው። በደቡብ ቆላ ከተሞች አዲስ ቄራ ሊሠራ ወይም ነባሩ ሊታደስ ሲታሰብ፣ ተማሪ የሚያድርበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤቱ ሲነደፍ፣ ማብላያው ከመጀመሪያው ሥዕል ውስጥ ይግባ፤ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይሁን። ሲሚንቶው ከመገዛቱ በፊት ደግሞ የከተማው አስተዳደር፣ ሥጋ ሻጮችና ወጥ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ተቀምጠው በየቀኑ ማን እንደሚመግበው፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ጋዙ ለማን በምን ዋጋ እንደሚደርስ ይወስኑ፤ ይጻፉት። ይህን መወሰን ያልቻለ ከተማ ማብላያውን ለጊዜው ቢተወው ይሻለዋል፤ መወሰን የቻለ ግን ከአምቦ ጀምሮ ያለው ታሪክ ደጋግሞ ያጎደለውን አንድ ነገር ከራሱ ከቦረና ምድር አግኝቷል ማለት ነው።